መጥረጊያው ምን ጠረገ?

ዊልቶን እንደሚለው እንጨቱ የእናቱ መጥረጊያ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ያየዋል፤ ቀይ ቀለሙ ግማሹ ተላጠ እንጂ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀሉት መጥረጊያዎች በምንም አይለይም። ስለዚህ ባለፈው እሑድ፣ በሰፈሩ የክዳን ምት ጨዋታ በመጨረሻው ዙር፣ የቡድኑ መምቻ ለሁለት ሲሰበር ቤቱ ሮጦ ያመጣው መጥረጊያ ነው፤ በመጥረጊያ መታ፤ የውሃ ጀሪካኑ ክዳን እንደ ወፍ ተነሥቶ የጎሚስታውን ጣሪያ ተሻገረ፤ እሱም ሙሉ ዙር ሮጠ፤ የላይኛው መንገድ ቡድን አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። ነገሩ ይኸው ነው። አጎቱ ራዳሜስ እንደሚለው ደግሞ እንጨቱ የበር መወርወሪያ ነው። ማታ ማታ በገዛ እጁ በሩን የሚሸጉርበት፣ መሐሉን ብረቱ በልቶ ያጎደጎደው፣ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ብናኝ ያልጠረገ መወርወሪያ ነው። በመወርወሪያ የተመታ ክዳን ሄዶ ፀሐይ ላይ ቢያርፍ እንኳ አይቆጠርም፤ መቺው ከጨዋታ ወጥቷል፤ የታችኛው መንገድ አሸንፏል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለቱ ሰዎች በየራሳቸው ቤት ቢኖሩ ኖሮ ሰፈሩ ሁለት ቀን ተጣልቶ፣ ሦስተኛው ቀን ቢራ ጠጥቶ ይታረቅ ነበር። ችግሩ የሚኖሩት በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው፤ ያውም ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው በማያደማምጥ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በኤርሲሊያ ቤት። ኤርሲሊያ የአንዱ እናት፣ የሌላው እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ የፊት ለፊቱን ክፍል ግማሽ ይዟል፤ የላይኛውንም የታችኛውንም መንገድ ማልያ ቁጥር የለጠፈችው እሷ ስለሆነች እሑድ እሑድ ለማን እንደምትደግፍ ስትጠየቅ «ለስፌቱ» ትላለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን እንዲህ ብሎ ማምለጥ አልተቻለም። ዊልቶን ሲገባም ሲወጣም አጎቱን «ባርከኝ» አላለውም። አፉን ከፈታ ጀምሮ፣ ታሞ እንኳ፣ ሰክሮ እንኳ፣ ግድግዳውን ተደግፎ «ባርከኝ፣ አጎቴ» ሳይል ያለፈበት ቀን አልነበረም። ራዳሜስም ምንም እንዳልጎደለበት ሰው ሬዲዮኑን ይነካካል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ድምፁን ቀነስ ያደርጋል፤ ምናልባት ብሎ። ኤርሲሊያ ይህን ታያለች።

የጨዋታው ሕግ በጎሚስታው በሴኩንዲኖ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። የሚወረወረው የውሃ ጀሪካን ክዳን ብቻ ነው። የሚመታው በመጥረጊያ እንጨት ብቻ ነው። ጨዋታው ሳያልቅ እናት አይሰደብም። ሦስተኛው በየሳምንቱ ይጣሳል፤ ሁለተኛው ግን የተፈራ ነው፤ ያስፈራውም ራዳሜስ ነው። የስኳር ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት የእንፋሎት ጋን ጠባቂ ነበር፤ አሁን ከዚያ ዘመን የቀሩት ጮክ ያለ ድምፁና የእሑድ ዳኝነቱ ናቸው። አንድ ጊዜ የታችኛው መንገድ ልጆች በአናጺ ያሠሩትን የዘይቱን ዛፍ እንጨት ቀለም ቀብተው «መጥረጊያ ነው» ብለው መጡ። ራዳሜስ እንጨቱን አገላብጦ አየና «ምን ጠርጓል?» አለ። እንጨታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያልጠረገ መጥረጊያ ተራ እንጨት ነው፤ ይህ በግድግዳው ላይ አልተጻፈም፣ ግን ከተጻፈው ይበልጣል። ባለፈው እሑድም እንጨቱን ከእህቱ ልጅ እጅ ተቀብሎ አገላበጠ፤ ጎድጓዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ በየሌሊቱ የሚዳስሰው ጎድጓዳ ነው። መቺው ወጥቷል ለማለት እጁን አነሣ። ዊልቶን «ተሸጠሃል» አለው፤ እሱም «አጭበርባሪ» አለው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ቅዳሜ ጧት ኤርሲሊያ ማንጉ ሠራች፤ ጥሬ ሙዙን ቀቅላ ፈጨችው፣ ሳላሚ ጠበሰችበት፣ ሦስት ሳህን ደረደረች። ራዳሜስ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ። ከወንበሩ ሥር ቡኒው ሻንጣው ተቀምጧል። ነገ ጧት ላሮማና ከተማ ወዳለችው እህታቸው ኔሪስ ጋ እንደሚሄድ ከትናንት ጀምሮ አስታውቋል፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ስትጠይቀው «ኔሪስ በረንዳ አላት» ብሎ ነበር የመለሰላት። ኤርሲሊያ ሻንጣውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋችው፤ እሱ በእግሩ መለሰው።

«ለልጅሽ ንገሪው፣ ጨው ያቀብለኝ» አለ ራዳሜስ።

ጨዉ ከዊልቶን ክርን ሥር ነበር። «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ጨው ለደም ግፊቱ አይሆንም» አለ ዊልቶን።

«ለልጅሽ ንገሪው፣ የእኔ ደም ግፊት የተነሣው በጨው አይደለም።»

ኤርሲሊያ ጨውን አነሣችና ከራሷ ሳህን ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ሦስቱም አልጫውን በሉ። ከመንገዱ የጋዝ ሻጩ ጥሩንባ ይሰማል፤ የጎረቤት ዶሮ ይሰማል፤ ሹካ ሳህን ሲፍቅ ይሰማል። በሌላ ቀን ቢሆን እነዚህ ሁለቱ የትናንት ማታውን ድስት መሐላቸው አስቀምጠው ከሥሩ ያረረውን ሩዝ በማንኪያ ይሻሙ ነበር፤ ዊልቶን አጎቱን «ጥርስ የለህ፣ ምን ያደርግልሃል» ይለዋል፤ ራዳሜስ «ድድ ሁሉን ይበላል» ይለዋል። ድስቱ እዚያው ምድጃው ላይ ነበር። ያረረው ሩዝ እንዳለ ነው። ኤርሲሊያ ስታጥበው ለውሾች ደፋችው፤ ያን ጊዜ ነው በእውነት የከፋት።

ለምሳ ባቄላና ሳላሚ ልትገዛ ሱቅ ሄደች። ሱቁ ውስጥ የዶሚኖ ተጫዋቾች ጠጠራቸውን ማማታት አቆሙ። ባለሱቁ ሚንጎ ሳላሚውን እየቆረጠ ዓይኑን ከፊቷ አላነሣም፤ ጣቱን ያልቆረጠው በልምድ ነው።

«ዶኛ ኤርሲሊያ፣ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ ጠርጓል ወይስ አልጠረገም?»

«ለአንተ ብቻ ከምነግር በቴሌቪዥን ባስነግረው ይሻለኛል፤ ቢያንስ መብራት ሲጠፋ አይሰማም።»

«ዛሬ በአሥር ሰዓት ጎሚስታው ጋ ለምስክርነት ሲቀርቡ መቼም መናገርዎ አይቀር። ሴኩንዲኖ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን ተውሷል እኮ።»

«አንተ ሳላሚውን ወፈር አድርገህ ቁረጥ፤ በዚህኛው ውስጥ አሻግሬ ፊትህን እያየሁት ነው።»

ከሚንጎ ራስ በላይ አዲስ መጥረጊያዎች ተሰቅለዋል፤ ባለ ቀይ እንጨቱ ሁለት መቶ ፔሶ ገብቷል። ኤርሲሊያ ለአንድ አፍታ አየቻቸው። እሷም የገዛችው ከዚሁ ከተሰቀለበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጇም ወንድሟም አልዋሹም፤ እንጨቱ መጥረጊያ ሆኖ ተገዝቶ በዚያው ቀን መወርወሪያ ሆኗል። በመካከሉ የጠረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ፋቢዮ ከቤት የወጣ ቀን ነው። ፋቢዮ የዊልቶን አባት፣ ዛሬ የታችኛው መንገድ ቡድን አለቃ፣ ከቤት የወጣው በገዛ ፈቃዱ፣ ሻንጣውን በእጁ ይዞ፣ እያፏጨ እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚሁ ሱቅ ሲያወራ ኖሯል። ኤርሲሊያም አንድ ቀን አላስተባበለችውም። ልጁ ያደገው በዚህ ወሬ ነው። በዚያ ሰሞን፣ አሥር ዓመቱ ሳለ፣ «አባዬ የሄደው የጎረቤቱን መስኮት ስለሰበርኩ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አይደለም አለችው፤ ታዲያ በምን ምክንያት እንደሆነ ግን አልነገረችውም። አሁን «አልጠረገም» ካለች ልጇ በሰፈሩ ፊት አጭበርባሪ ሆኖ ይቀራል፤ «ጠርጓል» ካለች «ምን?» መባሉ አይቀርም። ዝም ካለች ነገ ጧት ወንድሟ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ላይ ነው።

ባቄላው ሲፈላ ፋቢዮ በሞተሩ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ከመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ውጭ ቆመ፤ ከእግረኛው መንገድ አላለፈም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያች መስመር አልፎ አያውቅም። ፀጉሩን ቀለም ተቀብቷል፤ ለእሱ ያምርበታል፤ ለጆሮው ግን ትንሽ ተርፎታል።

«ኤርሲ፣ መወርወሪያ ነው በያቸውና እንገላገል። ለሁላችንም ይበጃል።»

«ሁላችን ማን ማን ነን?»

«እኔ፣ አንቺ…» ትንሽ አሰበ። «ራዳሜስም ዳኝነቱ አይወድቅበትም።»

«ልጅህስ?»

ፋቢዮ የሞተሩን መስታወት አስተካከለ። «እሱ ወጣት ነው። በሌላ ቀን ይመታል።»

«ባቄላዬ እንዳያርብኝ» አለችና መስኮቱን ትታው ሄደች። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ሲያጓራ ቆይቶ ሄደ። ምሳው ተበላ። ዊልቶን ቁጥር ሰባት ማልያውን ለብሶ ቀድሞ ወጣ፤ ራዳሜስ የፋብሪካውን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሩቅ ተከተለ፤ ኤርሲሊያ በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ መንገድ፣ ማንም ላይ ሳትደርስ፣ ማንም ሳይደርስባት ሄደች።

ሴኩንዲኖ ጎማዎቹን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ የተዋሳቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች ደርድሮ፣ እንጨቱን ጥገና እንደሚጠብቅ የመኪና ዕቃ በዘይት ጨርቅ ላይ አጋድሞታል። ከእሑድ ጀምሮ በኤግዚቢትነት እሱ ጋ ነበር፤ የኤርሲሊያ በር እስከዚያ ድረስ በወንበር ተደግፎ ነው ያደረው። ሴኩንዲኖ ዊልቶንን ክርስትና ያነሣ ነው፤ ስለዚህ የኤርሲሊያም የፋቢዮም አበልጅ ነው፤ ለማንም አያደላም ተብሎ የታመነውም ስለዚህ ነው። ላይኛው መንገድ በግራ፣ ታችኛው መንገድ በቀኝ ቆሟል። ፋቢዮ አንድ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ። ዊልቶን እጁን አጣጥፎ አየር መሙያው አጠገብ ነው። ራዳሜስ እንደ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ መሐል ላይ ቆሟል።

«አበልጄ፣ ጥያቄው አጭር ነው» አለ ሴኩንዲኖ። «ይህ እንጨት ምንድን ነው?»

«መጥረጊያ ነው።»

ግራው ጮኸ።

«መወርወሪያም ነው።»

ቀኙ ጮኸ። ሴኩንዲኖ የጎማ መፍቻውን በብረት በርሜል ላይ መታ።

«አበልጄ፣ እባክሽ አንዱን ምረጪ።»

«ምኑን ልምረጥ? መጥረጊያ ሆኖ ተገዛ፣ መወርወሪያ ሆኖ አረጀ። አንተም ቆንጆ ሆነህ ነበር የተወለድከው።»

በግራም በቀኝም ሳቁ፤ ሴኩንዲኖም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ራዳሜስ ብቻ አልሳቀም።

«ሕጉ ስሙን አይጠይቅም» አለ። «ጠርጓል ወይስ አልጠረገም፣ እሱን ነው የሚጠይቀው።»

«ጠርጓል።»

«ምን?»

ኤርሲሊያ ልጇን አየችው። ዊልቶን እጁን ፈታ፤ ድል ያለቀለት መስሎት ፈገግ ሊል ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«ፋቢዮን» አለች።

ከዚያ እሷው ተናገረችው፤ ቁጭ ብላ ቀሚስ እንደምትለካ ሴት ድምፅዋን ሳታነሣ። ያን ቀን ጧት፣ ልጁም ወንድሟም ከቤት ሳይኖሩ፣ መጥረጊያውን ከሚንጎ ገዝታ ገብታለች። ባቄላ ጥዳ ነበር፤ ግማሽ በስሏል። ፋቢዮ መጣና ሰላም ሳይል እሳቱን አጠፋ፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ከምድጃው መፍታት ጀመረ። ምን ሆነሃል ስትለው፣ ወንዙ ዳር ያለችው ወዳጁ ጋዝ አልቆባት ማብሰል አቅቷት እንደሆነ፣ ለሁለት ቀን ብቻ አውሷት እንደሚመልሰው፣ ይህንንም እንደ ማንኛውም ነገር፣ ብሎኑን እየፈታ ነገራት። በመጀመሪያው ምት የመጥረጊያው ጭራ ተነቅሎ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት በረረ፤ የጎረቤት ውሻ ይዞት ሄደ። በቀረው እንጨት ጠረገችው፤ ከወጥ ቤት ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ከፊተኛው ክፍል ወደ ደጃፉ፣ ከደጃፉ ወደ እግረኛው መንገድ፤ ጥግ ጥጉን ሳትተው፣ ቤት እንደሚጠረግ። ሻንጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ በሩን ዘጋችና በዚያው እንጨት ሸጎረችው። «ጭራ አልገዛሁለትም» አለች። «ሥራውን ጨርሷል ብዬ ነው።»

ሳቁ ከፈነዳ በኋላ ነገሩ ወደ ሕግ ዞረ። ከታችኛው መንገድ አንዱ «ሰው ይባረራል እንጂ አይጠረግም፤ መጥረግ ለቆሻሻ ነው» አለ፤ «ባል ቆሻሻ ነው ወይ? እሱን መልሱልኝ።» ከኋላ አንዲት ሴት «እንደ ባሉ ነው» አለች። ሌላው፣ አቧራ ተመልሶ ይገባል፣ ፋቢዮ ግን ተመልሶ አልገባም፣ ስለዚህ ከአቧራ ይልቅ በደንብ ተጠርጓል ብሎ ተከራከረ። ሚንጎ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ኖሯል፤ መጥረጊያው ከእሱ ሱቅ እንደተገዛና ሸቀጡ ሁሌም ጠንካራ እንደሆነ መሰከረ። ኤርሲሊያ ይህን ሁሉ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነው የሰማችው። ዊልቶን ወደ እሷ መጥቶ ፊቷ ቆሞ ነበር።

«እማ፣ በራሱ ሄደ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ያለው እሱ ነው። እኔ ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«አባቱ ትቶት የሄደ ልጅ ከእናቱ ጋር ይቀራል። እናቱ አባቱን ያባረረችበት ልጅ ደግሞ አባቱን ፍለጋ ይወጣል። አንተ ከእኔ ጋር እንድትቀር ፈለግሁ።» ማልያው ላይ የላላ ክር አየችና በጥርሷ በጠሰችው። «ጥሩ አላደረግሁም።»

ዊልቶን ከፊቷ ዞር አላለም። ያን ጊዜ ራዳሜስ ፊሽካውን ነፋ። ድሮ የሥራ ሰዓት ሲለወጥ ይሰማ የነበረው ዓይነት ፉጨት ነው፤ አሮጌዎቹ በልማድ ቀጥ አሉ።

«ይህን ልጅ በአደባባይ አጭበርባሪ ብዬዋለሁ» አለ። «አላጭበረበረም። መጥረጊያ ነው ያለው መጥረጊያ ስለነበረ ነው። ቃሌን በዚሁ በሰደብኩበት ጉሮሮ፣ በዚሁ ሰው ፊት አንሥቻለሁ።»

ዊልቶን መሬት መሬት እያየ፣ «ባርከኝ፣ አጎቴ» አለ፤ ለመሰማት ያህል ብቻ።

«እግዜር ይባርክህ፣ ልጄ» አለ ራዳሜስ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ምቱ ግን ገና አልቆጠርኩትም።»

ኤርሲሊያ ከተዋሱት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠች። እስካሁን ቆማ እንደነበር ያወቀችው ስትቀመጥ ነው። ሻንጣው ከአልጋ ሥር እንደሚመለስ አወቀች፤ ዛሬ ማታ ሩዙን ሆን ብላ እንደምታሳርረውም አወቀች። ልጇ ማታ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ግን አላወቀችም።

«እህቴ ተጠርጎ ነው ትላለች» አለ ራዳሜስ። «በእህቴ ቃል ብፈርድ ነገ ለቤቱ ፈረደ ትሉኛላችሁ። ደግነቱ፣ የተጠረገው ነገር እዚሁ ተቀምጧል። እሱን እጠይቃለሁ። ተጠረግሁ ካለ ምቱ ይቆጠራል፤ በራሴ ወጣሁ ካለ መጥረጊያው ምንም አልጠረገም፣ መቺው ወጥቷል።» ዞረ። «ፋቢዮ፣ ወጥተህ ነው ወይስ ተጠርገህ?»

ፋቢዮ ከጎማው ላይ ተነሣ። የቡድኑ ልጆች ከበቡት፤ አንዱ ክንዱን ያዘው። «አለቃ፣ ስንት ዓመት ስትለው የኖርከውን ነው የምትለው፤ በራሴ ወጣሁ በልና ወደ ፍጻሜው እንሂድ።» እውነት ነው፤ አዲስ ነገር ማለት አይጠበቅበትም ነበር። ሻንጣው ነበረው፣ ፉጨቱ ነበረው፤ ታሪኩን ከመደጋገሙ የተነሣ ራሱም ሳያምነው አልቀረም። ኤርሲሊያ እሱን አላየችም፤ ልጇን ነበር የምታየው። ዊልቶን ስለ ክዳኑም፣ ስለ ጣሪያውም፣ ስለ ፍጻሜውም የረሳ ይመስል ነበር። አባቱን ያያል፤ በዚያ ሰሞን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሩቅ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ብድግ ይል እንደነበረው ልጅ ነው የሚያየው።

ፋቢዮ ልጁን አየ። ከዚያ በዘይት ጨርቁ ላይ የተጋደመውን እንጨት አየ። ኮፍያውን አወለቀ፤ የተቀባው ፀጉሩ ተጣብቆ ወጣ።

«ሲሊንደሩን እንኳ አልሰጠችኝም» አለ።

ማንም አልሳቀም።

«ተው እንጂ አለቃ» አለ ክንዱን የያዘው ልጅ።

ፋቢዮ ክንዱን በቀስታ አስለቀቀ። «መውጣት አልፈለግሁም ነበር። ጠርጋኛለች» አለ። «ይቆጠርለት።»